ፍሪስታይል ሊብሬ 2፦ ከቁጥሩ ጎን ያለው ቀስት

ሊብሬ 2 የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው የስኳር መጠን ቆዳ ላይ በሚለጠፍ መለኪያ (ሴንሰር) እየለካ በስልክ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ጣት መውጋትን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን ከቁጥሩ ጎን የሚታየው ቀስት ነው። የጣት መለኪያ 110 ካለ፣ 110 ብሎ ዝም ነው። ሊብሬው 110 አሳይቶ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ካመለከተ ግን ስኳሩ በየደቂቃው በዴሲሊትር ከ2 ሚሊግራም በላይ እየወረደ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለ በ20 ደቂቃ ውስጥ 70 ይደርሳል። ቀስቱ አግድም ከሆነ ያው 110 አያሳስብም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሊተኛ ወይም መኪና ሊነዳ ሲል ይህን ማወቁ ሕይወት ያድናል።

ሴንሰሩ ክንድ ጀርባ ላይ ተለጥፎ 14 ቀን ይቆያል። ቦታው ሽታና ቅባት በሌለው ሳሙና ይታጠባል፣ በአልኮል ይጠረጋል፣ ከዚያ ደግሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አልኮሉ ሳይደርቅ የተለጠፈ ሴንሰር በቀናት ውስጥ ጠርዙ ይነሳል። ንባብ የሚጀምረው ከ60 ደቂቃ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ንባብ ስለሚዋዥቅ ኢንሱሊን አይመጠንበትም። ስለዚህ ማታ ሳይሆን ጠዋት መለጠፉ ይሻላል።

ሴንሰሩ የሚለካው ደምን ሳይሆን ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ በመሆኑ ከደም ስኳር ጥቂት ደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። ስኳሩ የወረደበት ሰው 15 ግራም ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሲያይ ስክሪኑ ገና 62 ሊል ይችላል። ደንግጦ ስኳር መውሰዱን ሲደግም ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማመን ያለበት የጣት መለኪያውን ነው።

ሌሊት ክንዱ ላይ ተጭኖ የተኛ ሰውም ያለ ምክንያት የዝቅተኛ ስኳር ማንቂያ ሊነሳበት ይችላል። ጫናው በሴንሰሩ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ ዝውውር ስለሚገታ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። በጣት አረጋግጦ ጎንን መቀየር ይበቃል። በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ደግሞ በተቃራኒው ንባቡን በሐሰት ከፍ ያደርጋል፤ ይህ የከፋ ነው፣ የወረደውን ስኳር ይሸፍናልና።

ማንቂያው የሚደርሰው ስልኩ በ6 ሜትር ርቀት ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ስልክዎን ሌላ ክፍል ትተው አይተኙ።