ኤስኤም58 እና ኤቲ2020፦ በእኩል ርቀት፣ በእኩል ድምፅ

ዳይናሚክ ማይክ (በሽቦ ጥቅልልና በማግኔት የሚሠራው) የክፍሉን ማስተጋባት አያነሳም፣ ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚፈልገው፣ ይበልጥ ስሱው) ግን የጎረቤትን ሬዲዮ ሳይቀር ይለቅማል ይባላል። ዳይናሚኩ የሹር ኤስኤም58 እና ኮንደንሰሩ የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2020 ጎን ለጎን ሲመዘኑ ግን አብዛኛው ልዩነት የርቀት ሆኖ ይገኛል። ኤስኤም58ን ዘፋኝ ከከንፈሩ አስጠግቶ ይይዘዋል፤ ከኤቲ2020 ግን 20 ሳንቲሜትር ያህል ይርቃል። ከ20 ወደ 5 ሳንቲሜትር ሲጠጉ የዘፋኙ ድምፅ በ12 ዴሲቤል ገደማ ይጎላል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው እዚያው ነው። ሁለቱም ካርዲዮይድ (በዋናነት ከፊታቸው የሚመጣውን ድምፅ የሚቀበሉ) ስለሆኑ በእኩል ርቀት ሲቆሙ በዚህ ረገድ ብዙም አይራራቁም።

ስለዚህ በሁለት ማቆሚያ አጠጋግቶ አንዱን ዘፈን በሁለቱም በአንድ ጊዜ መቅረጽ ነው። ለየብቻ ከተዘፈነ የሚወዳደሩት አዘፋፈኖቹ ናቸው። ርቀቱ የሚለካው ከወንፊቱ ሳይሆን ከውስጥ ካለው ካፕሱል (ድምፁን ከሚቀበለው ክፍል) ነው። ኤቲ2020 ድምፅ የሚቀበለው በጎኑ፣ አርማው ባለበት በኩል ነው፤ አናቱ ላይ የዘፈነ ሰው የደበዘዘ ድምፅ ቀርጾ ማይኩን ያማል።

ትልቁ ወጥመድ ጌይኑ፣ ማለትም የማይኩ ምልክት የሚጎላበት መጠን ነው። በአንድ ፓስካል ግፊት ኤቲ2020 14.1 ሚሊቮልት ሲሰጥ ኤስኤም58 1.85 ብቻ ይሰጣል፤ ልዩነቱ 17.6 ዴሲቤል ነው። የኢንተርፌሱን (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን መሣሪያ) ቁልፎች እኩል አዙሮ ማወዳደር ለኮንደንሰሩ ማዳላት ነው፤ ጆሮ ምንጊዜም ጎላ ያለውን ይወዳል። ሁለቱንም ከፍተኛው ጫፍ ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ ቀርጾ፣ በኋላ በላውድነስ (የአማካይ ጉልህነት) መለኪያ ልዩነቱን ከግማሽ ዴሲቤል በታች ማድረግ፣ ከዚያ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማሰማት። ኢንተርፌሱ በገመዱ ወደ ማይኩ የሚልከው 48 ቮልት የሚያስፈልገው ለኤቲ2020 ነው፤ በብዙ ኢንተርፌሶች አንድ ቁልፍ ለሁለቱም ቀዳዳ ይሠራል፣ ደህና የኤክስኤልአር (ባለሦስት እግር የማይክ) ገመድ ካለ ግን ኤስኤም58ን አይጎዳውም።

ለሙከራ ‹ሰ›፣ ‹ሸ›፣ ‹ጠ›፣ ‹ቀ› የበዛበት ስንኝ ይመረጥ። ኤቲ2020 እስከ 20,000 ኸርዝ ስለሚደርስ ፉጨታቸውንና ፍንዳታቸውን ያወጣል፤ በ15,000 የሚቆመው ኤስኤም58 ያለሰልሰዋል። ለክራር የጣት ንክኪ ኮንደንሰሩ ይመረጣል። የማሲንቆ ደጋን ፍጭት ግን በኤቲ2020 ሊሻክር ስለሚችል፣ እዚያ ላይ ኤስኤም58 አያሳፍርም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሚያንጎራጉር ድምፃዊ ግን ለኤስኤም58 ጌይኑ ስለሚከፈት ርካሽ ኢንተርፌስ የ‹ሽሽ› ድምፅ ይጨምርበታል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ሁለቱንም አጥፍቶ መጠበቅ ነው።