መስቀሉ እውነተኛ፣ መዳቡ ሐሰተኛ፦ ከደብረ ማርቆስ ስለገዛኋቸው ሁለት ካርቶን የካት 6 ኬብሎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለምሠራበት የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ 24 ኮምፒዩተሮችንና 4 የጥበቃ ካሜራዎችን የሚያገናኝ መስመር ለመዘርጋት፣ ከአንድ ሱቅ በተለያየ ጊዜ ሁለት ካርቶን የካት 6 ኬብል (ካት 6 የኔትወርክ ኬብል የጥራት ደረጃ ነው) ገዝቻለሁ። የኬብሎቹን የንግድ ስም አልጠቅስም፤ በመጀመሪያው ካርቶን ላይ ያየሁትን ስም በሌላ ቀለምና በሌላ ፊደል በሌላ ሱቅ አግኝቼዋለሁና ስሙን መጥቀስ ለገዢ የሚፈይደው ነገር የለም። የሚፈይደው በሽፋኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ነው፤ በተለይም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው «የፓተንት መብት ያለው» የሚለው ቃል (ፓተንት ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጥ ብቸኛ መብት ነው) ምን ዋስትና እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ።

የመጀመሪያውን ካርቶን የገዛሁት ከሁለተኛው በሲሶ ያህል ርካሽ ስለነበር ነው። የሱቁ ባለቤት ከጫፉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጠው ሽፋኑን ገፈፉና፣ አራቱን ጥንድ ሽቦዎች አራርቆ የሚይዘውን ባለ አራት ክንፍ ፕላስቲክ እያሳዩኝ፣ «ይኸውልዎ መስቀሉ፤ መስቀል የሌለውን ካት 6 ቢሉዎ አይመኑ» አሉኝ። ያሳዩኝ መስቀል ሐሰት አልነበረም፤ በትክክል የተሠራ፣ ክንፎቹም እኩል የሆኑ ነበሩ። ካርቶኑን ባንድ እጄ አንሥቼ ወደ ባጃጁ ስወስደው መቅለሉ ደስ አሰኝቶኝ እንደነበር ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ያ ቅለት ማስጠንቀቂያ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

መስቀሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ከጥንዶቹ መጀመር ይገባል። ቃጫ ሲገመድ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ገመድ የሚለው ስያሜ ራሱ ከመግመድ የመጣ ነው። ሁለት ሽቦዎችን እርስ በርስ ገምዶ ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሁከት ማጥፋት የሚቻል መሆኑ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካ የፓተንት መብት ያገኘበት ሐሳብ ነው፤ አንዱ ሽቦ የሚቀበለውን ሁከት ሌላው በእኩል መጠን ስለሚቀበለው፣ በሌላው ጫፍ የሚገኘው መሣሪያ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ሲያነብ ሁከቱ ይጠፋል። በካት 6 ኬብል ውስጥ ሰማያዊው፣ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴውና ቡናማው ጥንድ እያንዳንዳቸው በተለያየ ጥብቀት የተገመዱ ናቸው። ይሁን እንጂ ምልክቱ እስከ 250 ሜጋኸርዝ በሚደርስ ድግግሞሽ ሲመላለስ ግምዱ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ጥንዶቹ ከተጠጋጉ አንዱ የሌላውን ምልክት ይሰማል፣ ኬብሉ በጥግ ላይ ሲታጠፍ ደግሞ ይበልጥ ይቀራረባሉ። መስቀሉ ለእያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ክፍል ይሰጠዋል፤ ባለ አራት ክፍል ቤት እንደ ማለት ነው።

ይህች ተራ የምትመስል ፕላስቲክ በፍርድ ቤት ለረጅም ጊዜ ያከራከረች ነገር ናት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ቁጥሩ 6,074,503 የሆነ ፓተንት ተሰጥቶ ነበር፤ በኋላም ቤልደን የተባለው የኬብል አምራች ኩባንያ ንብረት ሆነ። ፓተንቱ የሚጠብቀው መስቀሉን ሳይሆን መስቀል ያለው ኬብል የሚሠራበትን ዘዴ ነው፦ ጥንዶቹንና መስቀሉን ቀዳዳ ባላቸው ብረቶች ውስጥ ማሳለፍ፣ ጥንዶቹ በመስቀሉ ጎድጓዳዎች ውስጥ በየቦታቸው እንዲገቡ ማድረግ፣ ከዚያም ሁሉንም አንድ ላይ ጠምዝዞ በሽፋን ማልበስ። ቤልደን ተፎካካሪውን በርክ ቴክን በፓተንት ጥሰት ሲከስስ፣ በርክ ቴክ በበኩሉ ፓተንቱ መጀመሪያውኑ ሊሰጥ የማይገባው ነበር ሲል ለአሜሪካ የፓተንት ጽሕፈት ቤት የፍርድ ቦርድ አቤቱታ አቀረበ። ይህ ዓይነቱ አቤቱታ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሕግ የተከፈተና ከ2012 ጀምሮ የተሠራበት መንገድ ነው፤ ተከሳሹ ፍርድ ቤት ቆሞ «አልሰረቅሁም» ከማለት ይልቅ በሌላ በር ገብቶ «ተሰረቀ የተባለው ነገር ቀድሞውንም የማንም አልነበረም» ብሎ እንዲከራከር ያስችለዋል።

ቦርዱ ከፓተንቱ የመብት ጥያቄዎች (ፓተንቱ የሚጠብቀውን ከሚዘረዝሩት አንቀጾች) መካከል ከ1 እስከ 4 ያሉትን ሽሮ 5ኛውንና 6ኛውን አጸና። ሁለቱም ወገኖች ይግባኝ አሉ። የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 በሰጠው ውሳኔ የአራቱን መሻር አጽንቶ የቀሩትንም ሁለቱን ሻራቸው፤ ምክንያቱም ቀድሞ የታተመ የጃፓን ሰነድ ያለው ባለሙያ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዘዴው መድረሱ የሚያስቸግር አልነበረም የሚል ነው። ለእኔ ደስ የሚለኝ ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። በኬብል ሥራ ላይ የዋለ ሰው፣ ጥንዶቹን ከጎድጓዳዎቹ ጋር አስተካክሎ ማስገባት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ፈጣሪ መሆን እንደማያሻው ዳኞቹ በሕግ ቋንቋ ተናገሩት።

ስለዚህ መስቀሉን ዛሬ ማንም ፋብሪካ ያለ ፈቃድ ቢሠራው የዚያን ፓተንት ባለቤት አይነካም፤ ፓተንቱ ባይሻርም ኖሮ ዘመኑ አልፏል። በካርቶኔ ላይ የታተመው ቃል የፓተንቱን ቁጥርም ሆነ የሰጠውን አገር አይጠቅስም፤ ቁጥርና አገር የሌለው ፓተንት ደግሞ ማኅተም እንደሌለው ደብዳቤ ነው። ከዚህም በላይ ፓተንት ድንበር አለው፤ ዋሽንግተን ላይ የተሰጠ መብት በራሱ ደብረ ማርቆስ አይደርስም። በአገራችን የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት የሚሰጠው ለ15 ዓመት ሆኖ፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ በውጭ አገር ፓተንት የተሰጠውንና ጊዜው ያላለፈበትን ፈጠራ ወደ አገር ለሚያስገባ ሰው ደግሞ የአስገቢ ፓተንት የሚባል ለየት ያለ መብት አለ። በካርቶኑ ላይ ያለው ቃል ከእነዚህ የትኛውን እንደሚያመለክት ለማወቅ የሚያስችል አንድም ፍንጭ የለውም። ገዢ ሆኖ ላየው ያ ቃል ጌጥ ነው።

መስመሩ ከተዘረጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ የበሩ ካሜራ መታወክ ጀመረ። ቀን ቀን ያለ እንከን ይሠራል፤ ምሽት ሲሆን በየጥቂት ደቂቃው ጠፍቶ ይነሣል። ዘበኛችን ጅብ ሲያልፍ ነው የሚጠፋው ብሎ አጥብቆ ይከራከር ነበር፤ ጅቡ በሚያልፍበት ሰዓት መጥፋቱ እውነት ነበርና ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ካሜራው በ12 ቮልት የሚሠራ ሲሆን ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው ኬብል ሁለት ትርፍ ጥንዶች ነው፤ ሲመሽ የሌሊት መብራቱ ስለሚበራ የሚስበው ኃይል በእጥፍ ይጨምራል። ከተረፈው ኬብል 50 ሜትር ለክቼ፣ የአንዱን ጥንድ ሁለት ሽቦዎች በአንድ ጫፍ አገናኝቼ በሌላው ጫፍ በሙልቲሜትር ብለካው 17 ኦም ሆነ። ይህ ማለት 100 ሜትር ሽቦ 17 ኦም ይቃወማል ማለት ነው፤ ለካት 6 የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በ100 ሜትር 9.38 ኦም ብቻ ነው። እስከ በሩ ያለው ርቀት 30 ሜትር ሲሆን፣ ካሜራው በሌሊት ግማሽ አምፔር ሲስብ በመንገድ ላይ 2.5 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ የሚደርሰው 9.5 ቮልት ብቻ ነው። ካሜራው ይህን ሲቀበል ይጠፋል፣ ሲጠፋ ቮልቱ ይመለሳል፣ ሲመለስ ይነሣል፣ ተነሥቶም መብራቱን ሲያበራ ደግሞ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ከመግዛቴ በፊት ማድረግ የሚገባኝን ነበር፦ የአንዱን ሽቦ ልብስ ገፍፌ በምላጭ ፋቅሁት። ቀይ ቀለሙ እንደ ጥፍር ቀለም ተነሣና ከሥሩ ነጭ ብረት ታየ፤ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነበር። ለቅኔ አገር ሰው ይህ የተገለበጠ ሰምና ወርቅ ነው፤ በዋሸራም ሆነ በዲማ ሰሙ ሲገፈፍ ወርቁ ይወጣል፣ እዚህ ግን ውድ የሆነው ከላይ ተቀብቶ ርካሹ ከሥር ተሸሽጓል። ሽቦውን ሦስት አራት ጊዜ ብታጥፈው ይሰበራል፤ በሶኬት ውስጥም ሲጨበጥ ይላላል። ረጅሙ መስመራችን 60 ሜትር ያህል ሲሆን በእርሱ ላይ ስዊቹ (መስመሮቹን የሚያገናኘው መሣሪያ) ከ1 ጊጋቢት ወደ 100 ሜጋቢት እየወረደ ያስቸግረን የነበረውም በዚሁ ነው። በሽፋኑ ላይ የታተሙትን የሜትር ቁጥሮች ስከታተል ደግሞ 305 ሜትር ነው የተባለው ካርቶን 274 ሜትር ሆኖ ተገኘ።

ይህን ካየሁ በኋላ በአእምሮዬ ሲመላለስ የቆየው፣ ያ ስሙን የማላውቀው ፋብሪካ ለምን መስቀሉን አሳምሮ መዳቡን እንዳጭበረበረ ነው። መልሱ የሚገኘው በዚያው የፍርድ ቤት ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል። ትላልቆቹ ኩባንያዎች ለዓመታት ስለ መስቀሉ ስለተከራከሩ፣ መስቀሉ በገዢው ዓይን የካት 6 መታወቂያ ሆነ፤ ፕላስቲኩም ርካሽ ስለሆነ መታወቂያውን መኮረጅ ብዙ አያስወጣም። የካርቶኑ ዋጋ ያለው ግን በመዳቡ ውስጥ ነው። መዳብ ፈጠራ አይደለም፤ ማንም ፓተንት አያወጣበትም፤ ስለዚህም ሽቦው ውስጥ መዳብ ባይኖር የሚከስስ የፓተንት ባለቤት የለም። የሚመለከተው ሕግ ሌላ ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃ ባሕርይና ጥራት አሳሳች መግለጫ መስጠትን ይከለክላል። በፓተንት ክርክር የተሞላ ገበያ ለገዢው ጥራት የሚከራከርለት ይመስለዋል፤ ክርክሩ ግን በአምራቾች መካከል ነው፣ እኛ በውስጡ የለንበትም።

ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፤ ቦታው ብቻ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 ክሬዶ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጫፎቻቸው ላይ ምልክቱን የሚያድስ ቺፕ ያላቸውን የመዳብ ኬብሎች በሚመለከት አምፌኖልንና ሞሌክስን ጨምሮ በታላላቅ የኬብል አምራቾች ላይ የፓተንት ጥሰት ክስ አቅርቦ ነበር። እነዚህ ኬብሎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከሎች ውስጥ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱም ዓባይን ተሻግሮ ወደ እኛ የሚመጣበት ጊዜ ቅርብ አይመስለኝም።

ወደ ሱቁ ልመለስ። የተፋቀውን ሽቦና የለካሁትን ቁጥር ይዤ ስሄድ ጠብ ጠብቄ ነበር፤ የሱቁ ባለቤት ግን ሽቦውን ራሳቸው በቢላ ፍቀው ካዩ በኋላ፣ «እኔም መስቀሉን እንጂ ሽቦውን አላየሁም፣ ጋሼ» አሉኝ። ያልተቆረጠውን ቀሪ በሜትር አስበው ተቀበሉኝ፤ የተዘረጋውን ግን አልተቀበሉም፣ ይህም ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። የልዩነቱን ዋጋ ጨምሬ ሁለተኛውን ካርቶን ወሰድሁ። ይህኛው ባንድ እጅ አይነሣም። ሽቦው ቢፋቅ እስከ መሐሉ ቀይ ነው፤ በዚያው በ50 ሜትር ልኬት 6.9 ኦም አገኘሁ፣ ንጹሕ መዳብ ሊሰጥ ከሚገባው ጋር የተቀራረበ ነው። የሜትር ቁጥሮቹ ያለ መዝለል 305 ላይ ያበቃሉ። የበሩ ካሜራ አሁን ሌሊት 11 ቮልት ያህል ይደርሰዋል፣ ጅቡም ያለ ችግር ይቀረጻል። በ60 ሜትሩ መስመር ላይ 1 ጊጋቢት ያለ መውረድ ይሠራል፤ 10 ጊጋቢት የሚፈልግ ሰው ግን በካት 6 ከ55 ሜትር በላይ እንዳያስብ ልብ ይበል። ሱቁን በተመለከተ፣ ያለ ቅሬታ በድጋሚ እገዛለሁ፤ ነገር ግን ምላጭ በኪሴ ይዤ ነው።

ሁለተኛው ካርቶን ነቀፌታ የለውም ማለት አይደለም። መስቀሉ ከመጀመሪያው ይልቅ ጠንከር ያለ ስለሆነ ኬብሉ በጠባብ ጥግ ለመታጠፍ እምቢ ይላል፤ ጫፉን በኮኔክተር ለመግጠምም መስቀሉን ከሥሩ በጥንቃቄ መቁረጥ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ኮኔክተሩ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ሰማያዊው ሽፋን ደግሞ ለቤት ውስጥ የተሠራ ነው። እስከ በሩ የሚሄደውን መስመር በመጀመሪያ ያለ ቧንቧ በግድግዳው ላይ ዘርግቼው ነበር፤ በበጋው ፀሐይ ቀለሙ ነጣ፣ በክንዴ ስጫነውም ስንጥቅ አየሁበት። ክረምቱ ሳይገባ በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ አስገብቼ ደግሜ ዘርግቼዋለሁ፤ ለዚህ 34 ሜትር ጨምሬ ቆርጫለሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ አሁን የቀረኝ 41 ሜትር ነው።