ለጡት ካንሰር ታማሚ የሥነ ምግብ ምክር፦ እህቴ ያገኘችው አገልግሎት

ቀድሜ ልናገር፣ አገልግሎቱን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ቅሬታም አለኝ። እህቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ እያለች የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋ ስትመላለስ አብሬያት ነበርኩ።

ከሁሉም የወደድኩት ባለሙያዋ ከመምከሯ በፊት መጠየቋን ነው። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላሽ? የትኛው ምግብ ነው ሽታው የሚያስጠላሽ? አፍሽ ቆስሏል? ሆድሽ ይደርቃል? ቤት ውስጥ የሚያበስለው ማነው? ክብደቷን ለካች፣ የምትውጠውን መድኃኒት ሁሉ ቫይታሚኑን ሳይቀር አንድ በአንድ መዘገበች። ከዚያ በፊት የሄድንበት ሌላ ቦታ ግን (ስሙን አልጠራም) "ይህን ብሉ፣ ይህን አትብሉ" የሚል አንድ ወረቀት አስይዘው ነው የሸኙን። እህቴ በዚያ ሰሞን ውሃው ራሱ ብረት ብረት ይላት ነበር። ወረቀቱ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። እሱን ምክር ለማለት ይከብደኛል።

እዚህኛዋ ግን ቀጥታ ወደ ችግሩ ነው የገባችው። ብረት ብረት ካለሽ በፕላስቲክ ማንኪያ ሞክሪ፣ የትኩስ ምግብ ሽታ ካስጠላሽ ቀዝቀዝ አድርገሽ ብዪ፣ ሦስት ጊዜ በደንብ መብላት ካቃተሽ ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ብዪ። ቀላል ነገር ነው፣ ግን የነገረን ሰው አልነበረም።

ብዙ ሰው ካንሰር ሲባል የሚፈራው መክሳትን ነው። የጡት ካንሰር ላይ ግን በኬሞ (ካንሰሩን በመድኃኒት የማጥቃት ሕክምና) ጊዜና ከዚያም በኋላ ክብደት የሚጨምሩ ሴቶች ብዙ ናቸው። ድካሙ ከእንቅስቃሴ ያርቃል፣ ከኬሞው ጋር የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፣ የወር አበባም ያለጊዜው ሊቋረጥ ይችላል። በዚህ ላይ ጡንቻ እየቀነሰ ስብ ሊጨምር ስለሚችል ሚዛን ብቻውን ያታልላል። ለዚህ ነው ባለሙያዋ ፕሮቲን ላይ አጥብቃ የያዘችው። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር መመሪያ ለካንሰር ታማሚ በኪሎ ክብደት በቀን ከ1 ግራም በላይ፣ ከተቻለም እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይላል። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከ60 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። ባለሙያዋ ቁጥሩን ነግራን ብቻ አልተወችንም፣ እህቴ ከምትችላቸው ምግቦች ተነስታ በእንቁላል፣ በዓሣ፣ በጥራጥሬ፣ በእርጎ አስልታ አሳየችን።

ሌላው ያከበርኩላት ነገር ሐቀኝነቷ ነው። "ስኳር ካንሰርን ይመግባል" እያለ እህቴን ያስጨነቃት ዘመድ ብዙ ነው። ባለሙያዋ ግን ጤናማው ሴልም ስኳር እንደሚጠቀም፣ ስኳር ስለተውሽ ብቻ ካንሰሩ በረሃብ እንደማይሞት፣ ጣፋጭ መቀነሱ የሚጠቅመው ለክብደትና ለአጠቃላይ ጤና እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳቻት። አኩሪ አተርም በምግብ መልክ ከሆነ አትፍሪው አለቻት፣ የሚከለከለው በክኒን የተጨመቀው ነው። ምግብ ያድንሻል ብላም አላታለለቻትም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው፣ ቅባት መቀነስን የፈተሸው ትልቅ ጥናት በካንሰሩ መመለስ ላይ መጠነኛ ቅናሽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው፣ ከ3,000 በላይ ሴቶችን የያዘውና አትክልት፣ ፍራፍሬና ፋይበር (የምግብ አሰር) በብዛት የተበላበት ጥናት ግን ለውጥ አላገኘም። ስለዚህ በምግብ ብቻ አድናለሁ የሚላችሁን ሰው ሽሹት፣ በተለይ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ክኒን የሚሸጥላችሁ ከሆነ።

የክኒኑ ነገር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት በኬሞ ወቅት አንቲኦክሲዳንት (እንደ ቫይታሚን ሲ እና ኢ ያሉ) ክኒን የወሰዱ ሴቶች ላይ ካንሰሩ የመመለስ አዝማሚያ ከፍ ብሎ አይቷል። መንስኤው ክኒኑ ነው ብሎ ባያረጋግጥም ለመጠንቀቅ ይበቃል። ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ እንኳ እንደ ፓልቦሲክሊብ ያሉ የጡት ካንሰር መድኃኒቶችን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። መድኃኒቱን በዝርዝር የጠየቀችው ለካ ለዚህ ነበር።

አሁን ቅሬታዬ። አንደኛ፣ የተላክነው ዘግይተን ነው። እህቴ ከተዳከመች በኋላ ሳይሆን ኬሞው ሳይጀመር መላክ ነበረባት። ሁለተኛ፣ ባለሙያዋና የካንሰር ሐኪሟ አይነጋገሩም፤ የደም ምርመራ ውጤቱን እያመላለስን የምናሳየው እኛ ነን። ለታማሚ ይህ ትልቅ ሸክም ነው። ሦስተኛ፣ በቀጠሮዎቹ መሃል ጥያቄ ቢመጣ የሚደወልበት ቁጥር የለም፣ ማስመለስ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። የቀነስኩት በባለሙያዋ አይደለም፣ በአሠራሩ ነው።

የምትሄዱ ከሆነ የባለሙያውን ፈቃድና ከካንሰር ታማሚ ጋር የሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የጥቂት ቀን ምግባችሁን ጻፉ፣ ያልበላችሁበትን ቀንም ጭምር። የመድኃኒት እሽጎቹን እንዳሉ ይዛችሁ ሂዱ። ቤት የሚያበስለው ሌላ ሰው ከሆነም እሱ አብሮ ይግባ።