ጃኩዚ ልትገዙ ነው? ውሃ ተሞልቶ ሳታዩ ብር አትልቀቁ

ሰላም የጅማ ልጆች። ይህን የምጽፈው ስለተናደድኩ ብቻ አይደለም። ስለፈራሁም ነው። ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ ቤቱን የጨረሰ ሰው ሁሉ ጃኩዚ፣ ጃኩዚ (ውሃ በፓምፕ የሚረጭ መታጠቢያ ገንዳ) ይላል። የሳኒተሪ ዕቃ ሱቆችም ከመስታወቱ ጀርባ ደርድረውታል። እኔም ቆሜ አየሁ፤ ገባሁ፤ ገዛሁ። የተስማማነው በ310,000 ብር ነው። 270,000 ብር ከፍያለሁ። ዕቃው አሁን ጓሮ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል። አንድ ቀን እንኳ ሰው አልታጠበበትም። የሱቁን ስም እዚህ አላነሳም፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል። የምፈልገው ሌላ ሰው በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ነው።

ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

እማዬ ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል። ቀለል የሚላት ፍል ውሃ ስትገባ ነው። ወሊሶ እየወሰድን እናመላልሳታለን። ግን ወሊሶ ከጅማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለጉልበቷ ብለን ወስደናት፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ስትመለስ ጉልበቷ አብጦ ይገባል። ዘንድሮ ማና ወረዳ ካለችን ቡና ትንሽ ብር ስትገኝ ከወንድሞቼ ጋር ተማከርን። ሙቅ ውሃውን ለምን ቤቷ አናመጣላትም አልን። ለቅንጦት የገዛነው ነገር እንዳልሆነ እወቁልኝ። ያ ብር የቤተሰብ የዓመት ልፋት ነው።

ሱቁ ውስጥ ገንዳው ደረቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። መብራቱ በርቷል፤ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ቀይ ይሆናል። ሙዚቃ ይጫወታል። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው፤ ቡና ሁሉ አስፈላልኝ። "ጋሼ፣ ይሄ ራሱ ነው የሚያሞቀው። ቦይለር ምናምን አያስፈልግዎትም። ውሃ መሙላት፣ ቁልፍ መጫን፣ አለቀ" አለኝ። አዲስ ነው ወይ ስለው "ካርቶኑን የቀደድኩት ራሴ ነኝ" አለ። ዋስትናስ? "ሁለት ዓመት።" ወረቀት ላይ ግን አላሰፈረውም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወሬው ወደ ደረሰኝ ዞረ። "በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል። ያለ ደረሰኝ ግን በዚሁ ዋጋ ይውሰዱት" አለኝ። 15 በመቶ በ310,000 ላይ 46,500 ብር ነው። እሺ አልኩ። ጥፋቴን አልደብቅም። ብሩንም በሱቁ ስም ሳይሆን በሰጠኝ የአንድ ግለሰብ አካውንት አስገባሁ። መከራከሪያዬን በሙሉ በዚያች ሰዓት አስረክቤ እንደወጣሁ የገባኝ በኋላ ነው።

ዕቃው በማግስቱ በኢሱዙ መጣ። ገጣጣሚው ግን አልመጣም። "ሰኞ ይመጣል" ተባለ። ሰኞ "አዲስ አበባ ሄዷል" ሆነ። ቀጥሎ "ዝናቡ ያባራና" ሆነ። በእኛ ከተማ ዝናብ እስኪያባራ ከተጠበቀ ወራት ያልፋል። በዚህ ሁኔታ 23 ቀን ሄደ። ያኔ ቀን መቁጠር አስፈላጊ አልመሰለኝም ነበር። በኋላ ነው አንድ የሕግ ሰው ያስረዳኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። የገዛነው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ ከገዛንበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብለን ሻጩን መጠየቅ እንችላለን። ቀኑ የሚቆጠረው ከተገዛበት እንጂ ከተገጠመበት አይደለም። የእኔ ገንዳ 15ኛ ቀኑን ያሳለፈው ደረቁን፣ በረንዳ ላይ ነው። ሻጩ ይህን አስቦ አዘገየው ብዬ አልምልም። እናንተ ግን ቀን ቁጠሩ። ገጣጣሚ ቢዘገይ፣ ቢያንስ በጽሑፍ ወይም በቴሌግራም "ዕቃውን ገና አልሞከርነውም" ብላችሁ ላኩለት። ማስረጃ ይሆናችኋል።

በ24ኛው ቀን ገጣጣሚው መጣ፤ አገናኘ፤ ውሃ ሞላን። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ከሮቶ ነው የሞላነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እማዬ ፎጣዋን ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቁልፉን ተጫነው። ውሃ ከሚረጩት ቀዳዳዎች መጀመሪያ የወጣው ምን መሰላችሁ? ነጭ ቅርፊት። ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ዓይነት። ከኋላው ጥቁር የሚያዳልጥ ነገር፣ ከዚያ የሰው ፀጉር። "የፋብሪካ ቆሻሻ ነው፣ ይጠራል" አለ ገጣጣሚው። ፋብሪካ ውስጥ ፀጉር አይገባም። ቅርፊትም በአንድ ቀን አይጋገርም። ገንዳው ከውጭ ተወልውሎ አዲስ መስሏል፤ ቧንቧው ግን ዓመታት አገልግሏል። ጎኑን ከፍተን ፓምፑን ስናየው አዲስ ስቲከር ተለጥፎበታል። ስቲከሩን ስልጠው ከሥሩ 220 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት ነው፤ የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። 60 ኸርዝ የሚጠቀም ሌላ አገር ላይ ሲሠራ ኖሮ የተነቀለ ዕቃ ይመስለኛል። እንዲህ ዓይነት ፓምፕ እኛ ጋ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ ይግላል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

"ራሱ ያሞቃል" የተባለውስ? ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ ውሃው ለብ እንኳ አላለም። የእህቴ ልጅ ፊዚክስ ታስተምራለች። ማታ ወረቀት ይዛ ቁጭ አለችና አሰላችልኝ። ገንዳው 450 ሊትር ይይዛል። ውስጡ ያለው ሂተር 1.5 ኪሎ ዋት ነው። ይህን ያህል ውሃ አንድ ዲግሪ ብቻ ለማሳደግ 20 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። የሮቶው ውሃ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ 39 ለማድረስ ከ6 ሰዓት በላይ ነው። ያውም ውሃው ምንም ሙቀት ካላባከነ። ክፍት ገንዳ ደግሞ ሙቀቱን በላዩ ሲያባክን ነው የሚያድረው። ለካ ያ ሂተር የሞቀ ውሃ እንዳይበርድ የተሠራ ነው እንጂ ቀዝቃዛ ውሃ ለማሞቅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። እኛ ሁሉንም ጃኩዚ እንለዋለን። ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው በታጠባችሁ ቁጥር የሚሞላና የሚደፋ መታጠቢያ ነው፤ ውሃ የሚረጭ ፓምፕ ተጨምሮለታል። ሙቁን ውሃ የምታመጡለት እናንተ ናችሁ፣ ከቦይለር። ሁለተኛው ወፍራም ክዳን አለው፤ ግድግዳው ሙቀት ይይዛል፤ ማጣሪያ አለው፤ ውሃው ሳይደፋ ቀናት ይቆያል፤ ራሱም ያሞቃል። ለዚህኛው ክሎሪን እየለካችሁ መጨመር ግዴታ ነው። አለበለዚያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጀርም ይራባል፤ ከእንፋሎቱ ጋር ሳንባ የሚገባም አለ። ሻጩ የሸጠልኝ የመጀመሪያውን ሆኖ ያወራልኝ ስለ ሁለተኛው ነው። ቦይለር ልጨምርበት ብትሉም አስቡት፤ 65 ዲግሪ የሞቀ 80 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛ ጋር ተደባልቆ 39 ዲግሪ የሚሆን 190 ሊትር ገደማ ውሃ ነው የሚወጣው። የእኔን ገንዳ ግማሽ አይሞላም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ብር ነው። አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ።

ውሃው አልሞቅ ሲል እማዬ "ግድየለም ልጄ፣ እግሬን እንኳ ላስገባ፣ ሲረጭ ይሻለኛል" አለች። ልትነሳ ስትል ሰፈራችን ያለ ኤሌክትሪሻን ገባ። የደወልኩለት ሌላ ሶኬት እንዲሠራልኝ ነበር፤ እንዲያው አጋጣሚ ነው። ገመዱ የፍሪጅ ሶኬት ላይ መሰካቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ጋሼ፣ እጅዎን አያስገቡ! እማማንም ይያዙልኝ!" አለ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተሩን ውሃው ውስጥ ነከረው። በራ።

ያቺ ትንሽ ቀይ መብራት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች።

መብራቱ ከተቆረጠ በኋላ መሰኪያውን ፈታው። ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያለው ሽቦ፣ የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው የኧርዙ ሽቦ፣ ከሥሩ ተቆርጧል። የሱቁን ገጣጣሚ ስንጠይቀው "እሱ ትርፍ ነው፣ ቤታችሁም ኧርዝ የለውም" አለ። እውነቱን ነው፣ ቤታችን ኧርዝ አልነበረውም። ግን ኧርዝ የሌለው ቤት ውስጥ ይህን ዕቃ መግጠም አይቻልም ማለት እንጂ ሽቦውን መቁረጥ መፍትሔ አይደለም። አሮጌው ፓምፕ ኤሌክትሪክ ያፈሳል። ያ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሄድበት ሽቦ ከሌለ በሚያገኘው መንገድ ይሄዳል። ሊያገኝ የነበረው የእናቴን እግር ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ጃኩዚም ይሁን ቦይለር ወይም ፓምፕ፣ ውሃና መብራት የሚገናኙበትን ነገር ሁሉ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ሻጩ የሚልከው ሰው የሻጩ ሰው ነው። ኧርዝ ይቀበር። ለዕቃው ለብቻው ከቆጣሪ የሚመጣ መስመር ይዘርጋለት። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በቅጽበት የሚያጠፋ ብሬከር አለ፤ ላዩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ተጽፎበታል። ያ ይገጠም። ወጪው ከጃኩዚው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የድሮ የጭቃ ቤት ወይም የጣውላ ወለል ያላችሁ ደግሞ ክብደቱን አስቡ፤ 450 ሊትር ውሃ ብቻውን 450 ኪሎ ነው።

ሻጩ ጋ በማግስቱ ሄድኩ። በዚያች ቀን ቡና አልነበረም። "ሰጥቼዎት ሲሄዱ ደህና ነበር። እርስዎ ጋ ነው የተበላሸው" አለኝ። ደረሰኝ የለኝም። ዋስትና የለኝም። ባንክ ሄጄ ያስገባሁበትን ወረቀት ባወጣ ስሙ የሌላ ሰው ነው። ለማመልከት ስሄድም መጀመሪያ የተጠየቅኩት ደረሰኝ ነው፤ መጠየቃቸውም ትክክል ነው። በመጨረሻ በሰፈር ሽማግሌዎች ተቀመጥን። 100,000 ብር ልመልስ ብሏል፤ እስካሁን የመጣው 30,000 ነው። ከዋጋው የቀረውን 40,000 ስላልከፈልኩ እግዚአብሔር ይመስገን። በእጄ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

እኔ ዛሬ ብገዛ የማደርገውን ልንገራችሁ። ቀብድ ከ10 በመቶ በላይ አልሰጥም። ብሩን በሱቁ ስም ባለ አካውንት አስገባለሁ፤ ቫቱን ከፍዬ የማሽን ደረሰኝ እቀበላለሁ። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ መለያ ቁጥሩ፣ "አዲስ" የሚለው ቃልና የዋስትናው ጊዜ ይጻፋል። ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ በስልኬ አነሳለሁ። ቀሪውን ብር የምከፍለው ግን ገንዳው ቤቴ ገብቶ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ አንድ ሰዓት ሠርቶ፣ ሥሩ አለመርጠቡን ጎንበስ ብዬ አይቼ፣ ኤሌክትሪሻኔ በመሣሪያ ለክቶ ደህና ነው ካለኝ በኋላ ነው። ውሃው ከሚረጭባቸው ቀዳዳዎች በላይ እስኪሆን ድረስ ፓምፑ እንዳይነሳም ተጠንቀቁ፤ አየር ከሳበ፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው የፓምፑ ማሸጊያ (ሲል የሚሉት) ይቃጠላል፤ ከዚያ "እናንተ ናችሁ ያቃጠላችሁት" ትባላላችሁ። ለታመመ ሰው የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሐኪም አማክሩ። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበትና ለነፍሰ ጡር ሙቅ ውሃ ውስጥ መቆየት አደጋ አለው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ እዚያው ሱቅ ጃኩዚ ሊገዛ ቀብድ ይዞ እንደሚሄድ ሰማሁ። ሮጬ ደረስኩበት። ምንም አትከራከር፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው አልኩት፦ "እስቲ ውሃ ሙላልኝና ልየው።" ጠየቀው። ሻጩ "እዚህ የውሃ መስመር የለንም" አለ። "እንግዲያው ቤቴ አምጥተህ ሙላው፣ ሲሠራ ካየሁ እዚያው እከፍልሃለሁ" አለው። "እንደዚያ አንሸጥም" አለ። ባልደረባዬ ብሩን ይዞ ወጣ።