የጄምስ አለን ትንሿ መጽሐፍ፦ ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምሯት

ራስን ስለመግዛት በሚጻፉ መጻሕፍት ላይ ያለኝ ቅሬታ ርዝመታቸው ነው። በሁለት ገጽ የሚያልቀውን ነገር ሦስት መቶ ገጽ ይለጥጡታል። የእንግሊዛዊው ጄምስ አለን «አዝ ኤ ማን ቲንኬዝ» («ሰው እንደሚያስብ» እንደ ማለት ነው) ግን ሰባት አጫጭር ምዕራፎች ብቻ ናት፤ በአንድ መቀመጫ ታልቃለች። እ.ኤ.አ. በ1903 የወጣች ስለሆነች የቅጂ መብቷ ጊዜ አልፏል፣ እንግሊዝኛው በነፃ ይገኛል።

ሰው የሐሳቡ ውጤት ነው ትላለች። ርዕሷ የተወሰደው ከመጽሐፈ ምሳሌ 23፥7 ነው። (ጥቅሱን ከነዙሪያው ያነበበ ፈገግ ይላል፤ እዚያ የሚወራው አፉ ብሉ ጠጡ እያለ ልቡ ከእንግዳው ጋር ስላልሆነ ንፉግ ጋባዥ ነው።)

ሁለተኛው ምዕራፍ አእምሮን ከአትክልት ቦታ ጋር ያመሳስላል፦ ካልዘራህበት አረም ራሱን ይዘራል። እስከዚህ መልካም። ከዚያ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። አንዱ ደመወዙ አነሰ ብሎ ሥራ እየለገመ አሠሪውን የሚያታልል ድሃ ነው፤ ሁለተኛው ሆዳምነቱ በሽታ ላይ የጣለው ሀብታም፤ ሦስተኛው ትርፍ ለማብዛት የሠራተኛ ደመወዝ የሚቀንስ አሠሪ። አለን ሦስቱንም ያለ አድልዎ ይገሥጻል፣ ይህን ወድጄለታለሁ። ግን ሳይለግም ድሃ የሆነው፣ ሳይሰስት የታመመውስ? ለእሱ የሚሆን ገጽ የለም ማለት ይቻላል። ስለ ጤና የሚናገረው ሦስተኛው ምዕራፍማ ይባስ፤ በሽታ ከሐሳብ ይመነጫል የሚለው ነገር በጊዜው ይዋጥ ይሆናል፣ ዛሬ ግን አይዋጥም።

የሚገርመው የራሱ ሕይወት መልሱን መያዙ ነው። አለን እ.ኤ.አ. በ1864 በእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ተወለደ። አባቱ ሥራቸው ሲከስር ቤተሰቡን ሊያሻግሩ ብቻቸውን አሜሪካ ሄዱ፤ በደረሱ በቀናት ውስጥ ኒው ዮርክ ውስጥ ሞቱ፣ ዘራፊ እንደገደላቸው ይታመናል። ልጁ በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ቤተሰቡን ለማኖር ሥራ ገባ። እስከ 1902 ድረስ በቢሮ ጸሐፊነትም ተቀጥሮ ሲሠራ ኖረ፤ በኋላ ከባለቤቱ ከሊሊ ጋር ኢልፍራኮም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተቀምጦ ሲጽፍ፣ መጽሔት ሲያዘጋጅ ቆይቶ በ1912 በ47 ዓመቱ ሞተ። እንግዲህ የአባትየው ሞት የማን ሐሳብ ውጤት ነው? እንዲህ ያለ መከራ ያየ ሰው ለተጎዳ ሰው ትንሽ ይራራል ብዬ ጠብቄ ነበር።

አሁን ወደ ምወደው ልምጣ፤ ስለ መንፈስ እርጋታ የሚያወራው ሰባተኛው ምዕራፍ። እርጋታ በተፈጥሮ የሚታደሉት ሳይሆን በረጅምና በትዕግሥት በተደረገ ራስን የመግዛት ልምምድ የሚገኝ ነው ይላል። ተራ ነጋዴ እንኳ ጠባዩ ሲረጋ ገበያው ይደራለታል፣ ሰው ሁልጊዜ የማይለዋወጥ ሰው ይመርጣልና። ይህን ክፍል የምፈትነው በሥራዬ ነው፦ ቀኑን ሙሉ በስልክ የደንበኛ ቅሬታ እቀበላለሁ። ደዋዩ ሲጮህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እሺ፣ መጀመሪያ ምን ተፈጠረ?» ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ፣ መልሱን እስኪጨርስም እጽፋለሁ። አብዛኛው ሰው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይበርዳል። የማይበርድም አለ፤ ቢያንስ የሚቀጥለውን ደዋይ በእሱ ንዴት አላነሣውም።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጣታለሁ። ቁጡ አለቃ፣ አዲስ ተቀጣሪ፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ያንብባት፣ ያውም ከሰባተኛው ምዕራፍ ጀምሮ። ሆስፒታል ለተኛ ሰው ግን በስጦታ አትውሰዱ፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ከፍቶ «ታዲያ ጥፋቱ የእኔ ነው?» ቢላችሁ የምትመልሱት አይኖራችሁም።