የሉዊስ ደሴት የድንጋይ ወጎች ጉብኝት፦ ብቻችሁን አትሂዱ

ስኮትላንድ ውስጥ ሉዊስ ደሴት ላይ የአንድ ቀን ጉብኝት አድርገን መጣን። ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ አንድ ሚኒባስና አንዲት አስጎብኚ። እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ የደሴቲቱ ነባር ቋንቋ በሆነው በጌሊክ አፏን የፈታች ሴት ናት። የከፈልነው ለእሷ ወግ ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ካላኒሽ የሚባሉትን ጥንታዊ ቋሚ ድንጋዮች ለማየት እኛ ስንሄድ መግቢያ አይከፈልም ነበር፣ ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከስቶርኖዌይ መኪና ይዞ መሄድም ቀላል ነው።

ግን ብቻችሁን ብትሄዱ የምታዩት ድንጋይ ብቻ ነው። መሃል ላይ 4.8 ሜትር ያህል የሚረዝም አንድ ድንጋይ፣ ዙሪያውን 13፣ ከዚያ በአራት አቅጣጫ የተዘረጉ ረድፎች። ከተተከሉ ወደ 5,000 ዓመት ይጠጋቸዋል። እሷ መጀመሪያ ዝም ብለን እንድንዞር ለቀቀችን። ከዚያ ነፋሱን ተከልለን ስንቆም እነዚህ ድንጋዮች ድሮ ሰዎች ነበሩ አለችን። ክርስትናን አንቀበልም ያሉ ግዙፎች ናቸው፤ ቅዱስ ኪራን ድንጋይ አደረጋቸው ይባላል።

ልቤን የነካው ግን የነጯ ላም ታሪክ ነው። ችጋር በጠናበት ዘመን ነጭ ላም ከባሕር ትወጣና አንዲትን ሴት በጌሊክ ታናግራታለች፦ ጎረቤቶችሽን ይዘሽ ወደ ድንጋዮቹ ነይ። ማታ ማታ ሁሉም አንድ አንድ ባልዲ ወተት እያለበ ይመለስ ጀመር። አንዲት ጠንቋይ ሁለት ባልዲ ይዛ ብትመጣ ላሟ እምቢ አለቻት። ጠንቋይዋ በሌላ ሌሊት ወንፊት ይዛ መጣች። ወንፊት ደግሞ መቼ ይሞላል! ላሟ እስክትደርቅ ታለበች፣ ከዚያ በኋላ ያያት የለም። ይህን እዚያው ድንጋዮቹ መሃል ቆሞ መስማት ሌላ ነገር ነው።

ደግሞ አስጎብኚዋ ወጉን ከታሪኩ አታደባልቅም። እስከ 1857 ድረስ ድንጋዮቹ 1.5 ሜትር ያህል ፒት በሚባለው ለማገዶ በሚቆረጥ ጥቁር አፈር ተውጠው እንደነበር ነገረችን። ስለዚህ ለብዙ ትውልድ ስለ ግዙፎቹ ሲያወሩ የኖሩት ሰዎች የሚያዩት ከላይ ያለውን ክፍል ብቻ ነበር ማለት ነው። ይህን ስሰማ ድንጋዮቹን እንደ አዲስ ዞሬ አየኋቸው።

ቅር ያለኝ ሰዓቱ ነው። ምሳ ላይ ብዙ ቆየንና ክላህ አን ትሩሼል የሚባለው ሌላ ድንጋይ ጋ አሥር ደቂቃ ብቻ ቀረን። ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ፣ ከስኮትላንድ ቋሚ ድንጋዮች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ የአገሬው ሰው በሞሪሰንና በማካውሌይ ጎሳዎች መካከል የተደረገ ውጊያ መታሰቢያ ነው ይላል። ወጉ ተጀምሮ ሳያልቅ መኪና ውስጥ ግቡ ተባልን። ይህ መስተካከል አለበት። የዝናብ ልብስም ያዙ፣ ማንም አላስታወሰንም ነበር።

በዓመቱ ረጅሙ ቀን ንጋት ላይ ደግሞ ኩኩ የሚባለው ወፍ ሲጮኽ አንድ የሚያበራ ፍጡር በድንጋዮቹ መሃል ያልፋል ይባላል። ያን ንጋት የሚያሳይ ጉዞ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፣ የላቸውም። ከጀመሩ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።