የወንድሜን ደብዳቤዎች ከቅርጫት ላወጣችልኝ ልጅ

ይህን ምስጋና የምጽፈው እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ፣ በአንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ለምትሠራ ወጣት ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ለምናኛለች፤ ቃሏን አከብራለሁ። ጽሑፉን የተየብሁት ራሴ ነኝ፤ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ይህም ቢሆን የእሷ ሥራ ውጤት ነው።

ዕድሜዬ 68 ነው። 35 ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ ሳስተምር ኖሬ፣ ኮምፒዩተር የሚባለውን ነገር ግን ሌሎች ሲነኩት ከማየት በቀር በእጄ ሳልነካው ጡረታ ወጣሁ። የኢሜይል አድራሻዬን፣ ጂሜይል የሚባለውን የጎግል ድርጅት ኢሜይል፣ በ2002 ዓ.ም. የከፈተልኝ የእህቴ ልጅ ነበር፤ ስዊድን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በፖስታ መጻፉን ስለተወ። እሱ ሲጽፍ የእህቴ ልጅ ያነብልኛል፤ እኔ መልሱን በወረቀት አሰፍራለሁ፤ ልጁ ይተይብልኛል። ወንድሜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ ቢያደክመንም፣ በኢሜይልም ቢሆን «ይድረስ ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ሳይል አይጀምርም ነበር። በ2013 ዓ.ም. አረፈ። የእህቴ ልጅም ሥራ አግኝቶ ወደ ባሕር ዳር ሄደ፤ ደብዳቤዎቹ እኔ ልከፍተው በማልችለው ሳጥን ውስጥ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ በየሱቁ የደረሰብኝን ባልናገረው ደስ ባለኝ ነበር። ስም ግን አልጠራም። የመጀመሪያው ቤት «ኢሜይሌን ክፈቱልኝ» ብል ኢሜይል ከፈቱልኝ፤ አዲስ ኢሜይል! «ባዶ ነው እኮ» ስላቸው «አዲስ ስለሆነ ነው» አሉኝ። ሁለተኛውም ቤት ሌላ አዲስ ከፈተልኝ፤ ያውም በሱቁ ስልክ ቁጥር፣ የሚስጥር ቃሉንም የደንበኞች ሁሉ በተጻፈበት ደብተር ላይ አስፍሮ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሦስት አድራሻ ባለቤት ሆኜ አንዱንም መክፈት የማልችል ሰው ሆንሁ። ሦስተኛው ቤት የእህቴን ልጅ በስልክ አነጋግሮ እውነተኛውን ከፈተልኝና ገና ደስ ሳይለኝ «ቦታ ሞልቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። የሱቁ ልጅ መልሴን እንኳ ሳይጠብቅ አንዴ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገና ገጹ ነጭ ሆነ። «ምን አጠፋህ?» ስለው «አሮጌዎቹን ነው፣ ጋሼ፤ ምንም አይጠቅሙዎትም» አለኝ። ሒሳቡንም ተቀበለኝ። ለእህቴ መንገር አቅቶኝ ሦስት ሳምንት ያህል በልቤ ይዤው ዞርሁ።

ወደዚህች ልጅ የሄድሁት ለኢሜይል አልነበረም፤ መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ ለማስነሣት ነበር። ወረፋ ስጠብቅ ለአንድ ጎረቤቴ የሆነብኝን ሳወራ ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ከጠፋ ስንት ቀን ሆነው?» የጠፋው በገብርኤል ዕለት ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ የሚቀጥለው ወር ሚካኤል ነው። ጣቴን ቆጥሬ 23 ቀን አልኋት። «እንግዲያው ሰባት ቀን አለን» አለችና ከወንበሯ ተነሥታ እኔን አስቀመጠችኝ። የተሰረዘ ደብዳቤ ወዲያው እንደማይጠፋ፣ 30 ቀን በቅርጫት ውስጥ እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለዘለዓለም እንደሚሄድ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

የሚስጥር ቃሉን ስጽፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ለኔም አይንገሩኝ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ፤ ሦስተኛውን እስክጨርስ ድረስ ዞራ ቆመች፤ ከኋላ የሚያጉረመርሙትንም «ትንሽ ታገሡ» አለቻቸው። ማውሱንም አንድ ጊዜ እንኳ ከእጄ አልወሰደችም፤ «እዚህ ጋ ይጫኑ፣ አሁን ደግሞ እዚህ» እያለች በእስክሪብቶዋ ጫፍ ብቻ ታሳየኝ ነበር። በየት በኩል እንደሄድን ዛሬም በደንብ አላውቀውም። ብቻ የወንድሜ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ መጣ። ከደብዳቤዎቹ አንዱን ስከፍት እሷ «ሻይ ላምጣልዎት» ብላ ወጣች፤ እንዳነብ ብቻዬን ልትተወኝ ብላ መሆኑን የተረዳሁት ሻዩን ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አይቼ ነው። ያን ቀን የተቀበለችኝ የፎቶ ኮፒውን ሒሳብ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚያስቆጨው ቦታውን የሞሉት ደብዳቤዎቹ አለመሆናቸው ነው። ጎግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት የማስቀመጫ ቦታ ለኢሜይሉም ለፎቶውም የጋራ ነው፤ የኔን ያጣበበው ከስልኬ በራሱ ጊዜ እየሄደ የሚጠራቀመው የልጅ ልጆቼ ቪዲዮ ነበር። ደብዳቤ እኮ ከዚያ አንጻር ምንም አይመዝንም! ያ ልጅ ደግሞ የሰረዘው ደብዳቤውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ማክሰኞና ሐሙስ እየሄድሁ ተማርሁ። እያንዳንዱን ደብዳቤ ፒዲኤፍ አድርጌ በየዓመተ ምሕረቱ ፎልደር ከፍቼ በፍላሽ ላይ አስቀመጥሁ፤ ሁለተኛ ቅጂው እህቴ ዘንድ ነው። ይህን ማድረጋችን ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. በከተማችን ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ብዙ ሰው የራሱን ደብዳቤ ማየት ተስኖት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተን አድራሻም ድርጅቱ ሊሰርዘው እንደሚችል ስለነገረችኝ ጡረታዬን በተቀበልሁ ቁጥር ገብቼ አየዋለሁ። «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚሉትን ግን አልከፍትም።

ስጠይቃት ያልመለሰችልኝ ጥያቄ የለም፤ አንዱን ነገር አምስት ጊዜ ስጠይቃት እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር የምትመልስልኝ። እኔ በማስተማር ዘመኔ አምስተኛው ላይ ትዕግሥቴ ያልቅ ነበር፤ አልዋሽም። ዕድሜያችሁ ገፍቶ በየሱቁ የምትንገላቱ ጎንደሬዎች፣ እባካችሁ ወደዚህች ልጅ ሂዱ፤ እናት አባታችሁንም ላኩ። ከአሮጌው ፖስታ ቤት በእግር ሩቅ አይደለም፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በግል መልእክት አቅጣጫውን እነግራለሁ። ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ አለች፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ይቀላል። ስትሄዱ የራሳችሁን ስልክ ቻርጅ አድርጋችሁ ያዙ፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው በእሱ ነውና። መነጽራችሁንም አትርሱ፤ እኔ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ረስቼው ከሱቁ በር ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ።